ስለ ዝቅተኛ ዋጋና ስለ ሻጭ ክብር

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በላሊበላ የተደረገ ንግግር)




ስለ አሮጌ ዕቃ ንግድ ጥቂት ቃል እንዳሰማ ስጠየቅ፣ ከብዙው ርእስ መካከል አንዱን ብቻ መርጫለሁ። ይኸውም ሻጭ የጠየቀው ዋጋ ሌላ፣ ገዢ የሚያቀርበው ዋጋ ሌላ፣ በሁለቱም መካከል ያለው ርቀት ከላሊበላ እስከ ወልድያ ሲሆን ሻጩ ምን ማድረግ ይገባዋል የሚለው ጥያቄ ነው።

በቅዳሜ ገበያችን ዋጋ መከራከር ነውር ሆኖ አያውቅም። ገዢው ዝቅ ያደርጋል፣ ሻጩ ከፍ ያደርጋል፤ ነገር ግን ፊት ለፊት ስለሚተያዩ ሁለቱም ልክ አላቸው። ይሉኝታ የሚባል ዳኛ በመካከላቸው ተቀምጧል። ዛሬ ግን ከእኛ ውስጥ ብዙዎቹ አሮጌ ሳንቲም፣ የፖስታ ቴምብር፣ የቀድሞ የብር ኖት፣ የቆየ የታተመ መጽሐፍና ያገለገለ ጌጣጌጥ የሚሸጡት በስልክ ሆኗል። የዕቃው ፎቶግራፍ በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ከመውጣቱ፣ ዕቃውን በቅጡ ያላየ ሰው «የመጨረሻ ስንት ነው?» ይላል፤ ሌላው ደግሞ የተጠየቀውን ዋጋ ሩብ ጠርቶ ይጠብቃል። እዚያ ላይ ይሉኝታ ዳኛ ሆኖ አይቀመጥም። ስለሆነም ዳኝነቱን ሻጩ በራሱ እውቀትና በራሱ ሥርዓት መተካት አለበት።

በመጀመሪያ ግን ከዋጋ በፊት የሚመጣ ጉዳይ አለ። ለሽያጭ የሚቀርበውንና የማይቀርበውን ሳንለይ ስለ ዋጋ መነጋገር ትርጉም የለውም። ከከተማችን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በዋሻ ውስጥ የሚገኘውን የነአኩቶ ለአብን ቤተ ክርስቲያን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ውኃ በድንጋይ ገንዳዎች ተጠራቅሞ ጠበል ይሆናል፤ ካህናቱም ጥንታውያን መስቀሎችንና የብራና መጻሕፍትን አውጥተው ለእንግዳ ያሳያሉ። እነዚህ ዕቃዎች ዋጋቸው ውድ ስለሆነ የሚሸጡ አይደሉም አይባልም፤ የሚባለው ዋጋ የሚባል ነገር የላቸውም ነው። ለእንዲህ ያለ ዕቃ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበና ከፍተኛ ዋጋ ያቀረበ ሰው ጥፋታቸው እኩል ነው፤ መልሱም አንድ ነው።

ይህ ባዶ ስብከት እንዳልሆነ ከተማችን ታውቃለች። የቤተ መድኃኔ ዓለም የሆነው «አፍሮ አይገባ» የተባለው መስቀል እ.ኤ.አ. በ1997 ተሰርቆ ቤልጅየም ድረስ ከሄደ በኋላ በ2001 ወደ ስፍራው ተመልሷል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ተንቀሳቃሽ ቅርስ ብሎ ከሚቆጥራቸው መካከል የብራና መጻሕፍት፣ ከወርቅና ከብር የተሠሩ ዕቃዎችና ጥንታውያን ሳንቲሞች ሁሉ ይገኙበታል፤ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው። ስለዚህ አንድ አሮጌ ዕቃ በእጁ የገባ ሻጭ የመጀመሪያ ጉዞው ወደ ገበያ ሳይሆን ወደ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መሆን አለበት። ይህን ማድረግ በሕግ ከመጠየቅ ያድናል፤ በዋጋ ክርክርም ጊዜ ይረዳል። የዕቃውን ምንጭ በወረቀት ማስረዳት የሚችል ሻጭ በድፍረት ይናገራል፤ ምንጩን የሚደብቅ ግን ገዢው ፍርሃቱን ስለሚያይበት የተጠራለትን ሁሉ ይቀበላል።

እንግዲህ መሸጡ የተፈቀደውን ዕቃ ይዘን ወደ ዋጋ እንመለስ። ዝቅተኛ ዋጋን በሚገባ መመለስ የሚችለው ዕቃውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ለምሳሌ በየቤቱ የሚገኘውን ማርያ ቴሬዛን፣ ማለት ጠገራ ብርን እንውሰድ። በላዩ የተጻፈው ዓመት 1780 ነው። ይህን ያየ ብዙ ሰው ዕቃው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው ብሎ ይነሣል። እውነቱ ግን ይህ ገንዘብ እቴጌይቱ በ1780 ከሞቱ በኋላም ያንኑ ዓመት እንደያዘ ሲታተም የኖረ ነው፤ በቪየና ብቻ ሳይሆን በ20ኛው መቶ ዓመት በሮም፣ በለንደንና በቦምቤይም ጭምር ታትሟል። ስለዚህ ገዢው «ይህ በኋላ የታተመ ነው» ሲል ብዙ ጊዜ ሐሰት አይናገርም። ሻጩ ይህን አስቀድሞ ካላወቀ በዚያች አንዲት ቃል ይደናገጥና ዕቃውን እንደ ቆርቆሮ ይጥለዋል።

የሚያውቅ ሻጭ ግን እንዲህ ይመልሳል። ጠገራ ብር 28 ግራም ከጥቂት ይመዝናል፤ ከዚህም ውስጥ 23.39 ግራሙ ንጹሕ ብር ነው። በዓለም ገበያ የብር ማዕድን የሚለካበት አውንስ 31.1 ግራም ስለሆነ፣ አንዱ ጠገራ የአንድ አውንስ ሦስት አራተኛ ያህል ንጹሕ ብር ይዟል ማለት ነው። የአንድ አውንስ ዋጋ 30 ዶላር ቢሆን፣ በጠገራው ውስጥ ያለው ማዕድን ብቻ 22 ዶላር ተኩል ያወጣል። የታተመበት ዘመን ምንም ይሁን ምን፣ ከዚህ በታች የሚቀርብ ዋጋ የአሰባሳቢ ዋጋ ሊባል ይቅርና የማዕድኑንም ዋጋ አይሞላም። እንግዲህ ወለል የምንለው ይህ ነው። ወለሉን የያዘ ሻጭ መቆጣትም መለማመጥም አያስፈልገውም፤ ቁጥሩን ብቻ ይናገራል።

ወለል እንዳለ ሁሉ ደግሞ ጣሪያም አለ፤ እርሱንም ማወቅ የሻጩ ግዴታ ነው። ምክንያቱም ዝቅተኛ የመሰለን ዋጋ አንዳንድ ጊዜ ትክክለኛው ዋጋ ነውና። 1936 ዓ.ም. የሚል የተጻፈባቸው የዐፄ ኃይለ ሥላሴ የመዳብ ሳንቲሞች ያንኑ ዓመት እንደያዙ ለብዙ ዘመን ስለታተሙ በየመሶቡ ሥር ይገኛሉ፤ በዚያው ዓመት የተሰየመው የሀምሳ ሳንቲም ግን ከብር የተሠራ ስለሆነ ነገሩ ሌላ ነው። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ሲለወጡ አሮጌውን የመቶ ብር ኖት «ብርቅ ይሆናል» ብለው ያስቀመጡ አሉ። ከአገር እስከ አገር የተበተነ ነገር ግን አሮጌ በመሆኑ ብቻ ብርቅ አይሆንም። የአገራችን የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮች በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1894 በፓሪስ የታተሙ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ሳይሠራባቸው የቀሩት እንደልብ ስለሚገኙ፣ አሰባሳቢ ይበልጥ የሚፈልገው በደብዳቤ ላይ ተለጥፈው በእውነት የተጓዙትን ነው። ይህን የማያውቅ ሻጭ የቀረበለትን ተገቢ ዋጋ ስድብ አድርጎ ይቆጥርና ደኅና ገዢ ያባርራል።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ ልማድ ልጥቀስ። ብዙ ሰው አሮጌ ሳንቲም ሲያገኝ በአመድ ወይም በሎሚ አሽቶ ያብለጨልጨዋል። በአሰባሳቢ ዓይን ይህ ዕቃውን መግደል ነው። ዘመን የጣለበት ቀለም ከተፋቀ ዋጋው ይወርዳል፤ ገዢውም ዝቅ አድርጎ ቢጠራ ተገቢ ምክንያት በእጃችን ሰጠነው ማለት ነው። ዕቃውን እንዳለ መተው፣ በሁለት ፊቱና በጠርዙ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ ክብደቱን መዝኖ መጻፍ፣ ጉድለቱንም ገዢው ከመጠየቁ በፊት ራስ መናገር ይገባል። አስቀድሞ የተነገረ ጉድለት በኋላ ዋጋ ማውረጃ ሊሆን አይችልም።

አሁን ስለ ገዢዎቹ ልናገር። ዝቅ ያለ ዋጋ የሚያቀርቡ ሁሉ አንድ ዓይነት ሰዎች አይደሉም፤ ለሁሉም አንድ መልስ መስጠትም ስሕተት ነው።

የመጀመሪያው ዕቃውን ወዶት ዋጋውን የማያውቅ ሰው ነው። ይህ ሰው ጠላት አይደለም፤ ተማሪ ነው። ምክንያቱን በሁለት ዐረፍተ ነገር ያስረዱት እንደሆነ ብዙ ጊዜ ዋጋውን ራሱ ያሻሽላል።

ሁለተኛው ነጋዴ ነው። ገዝቶ መልሶ ስለሚሸጥ የሱቅ ኪራይ፣ ግብርና ትርፍ ማውጣት አለበት፤ አሰባሳቢ የሚከፍለውን ሁሉ ሊከፍል አይችልም። የእርሱ ዝቅተኛ ዋጋ በራሱ ግፍ አይደለም። ሻጩ መመዘን ያለበት ዛሬ በአንድ ጊዜ ሁሉንም ለነጋዴ ሽጦ መገላገሉ ወይስ ወራት ጠብቆ አንድ በአንድ ለአሰባሳቢ መሸጡ ይሻለኛል የሚለውን ነው።

ሦስተኛው የሻጩን ችግር የሚገዛ ሰው ነው። የዚህ ሰው ምልክት ስለ ዕቃው ሳይሆን ስለ ሻጩ መጠየቁ ነው። «ለምን ትሸጣለህ? ገንዘቡን መቼ ትፈልጋለህ?» ይላል። መልሱን ሲያገኝ ዋጋውን በችግሩ ልክ ይቆርጠዋል። ለእንዲህ ያለው ሰው ዕቃውን እንጂ ቤታችንን ማሳየት አያስፈልግም።

አራተኛው አጭበርባሪ ነው። በዋጋ ብዙ አይከራከርም፤ ዕቃው በፍጥነት እንዲላክለት ብቻ ያጣድፋል፣ ገንዘብ ያስገባ የሚያስመስል ሐሰተኛ የስልክ ምስልም ይልካል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንደሚባለው፣ ገንዘቡ በባንክ ወይም በቴሌብር ሒሳባችን መግባቱን በራሳችን ስልክ ሳናረጋግጥ ዕቃ ከእጃችን መውጣት የለበትም።

እንዲህ ከለየን በኋላ የመልሱ ሥርዓት አስቸጋሪ አይሆንም። ማንኛውም ሻጭ ዕቃውን ከማቅረቡ በፊት ሦስት ዋጋ በማስታወሻው ይጻፍ፤ አንደኛው የሚጠይቀውን፣ ሁለተኛው በደስታ የሚቀበለውን፣ ሦስተኛው ከእርሱ በታች ከቶ የማይሸጥበትን። ይህ ሦስተኛው ቁጥር መጻፍ ያለበት ልብ በቀዘቀዘ ሰዓት ነው፤ በክርክር መካከል የተወሰነ ወለል ወለል አይደለምና።

የዚህን ጥቅም በምሳሌ ላሳይ። ሻጩ 10,000 ብር ጠይቆ፣ የመጨረሻው ወለል 7,000 ነው እንበል። ገዢው 3,000 ጠራ። ሻጩ ሲቆጣ «ግድ የለም፣ ልዩነቱን እኩል እንካፈል» ይላል። ነገሩ ፍትሕ ይመስላል፤ መካከሉ ግን 6,500 ነው። ገዢው መጀመሪያ 7,000 ቢጠራ ኖሮ መካከሉ 8,500 ይሆን ነበር። እንግዲህ በጣም ዝቅ ያለ ዋጋ የሚጠራው ይገኛል ተብሎ ሳይሆን መካከሉን ለማንቀሳቀስ ነው። ስለዚህ ተገቢ ባልሆነ ዋጋ ላይ ተመሥርቶ ልዩነት መካፈል አይገባም። «ያቀረቡልኝ ዋጋ ከዕቃው ጋር ስለማይመጣጠን መነሻ ሊሆነን አይችልም፤ ዕቃውን መርምረው ሌላ ዋጋ ቢያቀርቡልኝ በደስታ እመልሳለሁ» ማለት ይበቃል። በዚህ አነጋገር ስድብ የለበትም፤ በሩም አልተዘጋም፤ ሻጩ ግን ከራሱ ዋጋ አንዲት ሳንቲም አላወረደም። «የመጨረሻ ስንት ነው?» ለሚለውም መልሱ «ዕቃውን አይተዋልን? እርስዎ ስንት ይገምቱታል?» የሚል ነው። የመጨረሻ ዋጋ የክርክር ፍጻሜ እንጂ መክፈቻ አይደለም።

መቆጣት ግን በምንም መንገድ አይጠቅምም። የተሰደበ ገዢ አይመለስም፤ በትሕትና የተሸኘ ገዢ ግን ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ሲጽፍ ብዙ ጊዜ ይታያል። ከዚህም በላይ የተጻፈ ቃል እንደ ገበያ ጫጫታ በነፋስ አይሄድም፤ ሌላው ገዢ ያነበዋል፣ በእርሱም የሻጩን ጠባይ ይፈርዳል።

ዋጋን በየጊዜው ማደስም ያስፈልጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በዚያ ጊዜ የቀድሞ ዋጋውን ሳያርም የተቀመጠ ሻጭ፣ ሳያውቀው ራሱ በራሱ ላይ ዝቅተኛ ዋጋ አቀረበ ማለት ነው።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤

እስካሁን የተናገርሁት ስለ እውቀትና ስለ አነጋገር ነው። ነገር ግን እውቀት ያለው ሰው ሁሉ አይድንም። ረኀብ በደጁ የቆመ ሻጭ ሦስት ዋጋ በማስታወሻው ቢጽፍ ምን ይረባዋል? በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ-19 ምክንያት እንግዳ ጠፋ፤ በ2013 ዓ.ም. ማለቂያ ጦርነት ከተማችን ገባ፤ በ2016 ዓ.ም.ም የተኩስ ድምፅ ተሰማ። ኑሮው በእንግዳ ላይ የተመሠረተ ከተማ እንግዳ ሲያጣ፣ ሣጥን ይከፈታል፤ የእናት ድሪና የአያት ጠገራ ይወጣል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚለው ተረት ለእንዲህ ያለው ሻጭ አይነገርም፤ የቸኮለው ወድዶ አይደለምና።

በአገራችን ታሪክ የዋጋ መርከስ መጨረሻው የታየው ከዚሁ ከወሎ ምድር፣ ከእኛም ብዙ ሳይርቅ በደላንታ ሜዳ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1868 መቅደላ ከወደቀች በኋላ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ጭኖ ወደ ደላንታ አወረደ፤ በዚያም ሁለት ቀን ጨረታ ተደርጎ 5,000 ፓውንድ ተሰበሰበ። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምስ የጳጳሱን የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ ከአንድ ወታደር የገዛው በ4 ፓውንድ ነበር። ወታደሩ ያልደከመበትን ሸጠ፤ የዕቃው ባለቤቶች ግን ከክርክሩ ቦታ አልነበሩም። ዋጋ የሚረክሰው እንዲህ ነው፤ የሚያውቀው ሰው በሌለበት፣ ባለቤቱም አፍ በሌለው ጊዜ።

ከዚህ የምንማረው በሌሎች ለመፍረድ ብቻ እንዳይሆን እሰጋለሁ። ምክንያቱም እኛም ገዢዎች ነን። ከውጭ አገር የሚጽፍልን አሰባሳቢ የዕቃችንን ዋጋ ሩብ ሲጠራ እንማረራለን፤ በማግስቱ ግን ከቡግናም ሆነ ከላስታ ገጠር በእግሯ ተጉዛ የመጣች እናት ከመቀነቷ ጠገራ ፈትታ ስታሳየን፣ «ይህ እኮ ዋጋ የለውም፣ በኋላ የታተመ ነው» የምንል ከመካከላችን አልጠፋም። ያችን ቃል ከየት እንደተማርናት ሁላችንም እናውቃለን። ገዢው በእኛ ላይ ሲናገራት ግፍ ከሆነች፣ እኛ በእርሷ ላይ ስንናገራት ንግድ ልትሆን አትችልም። ትርፍ ማግኘት መብታችን ነው፤ የሰውን አለማወቅ መግዛት ግን ሙያ አይደለም።

ስለዚህ በሦስት ነገሮች ላይ ማኅበራችን እንዲመክር በትሕትና አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ አባላት የሸጡበትንና የገዙበትን እውነተኛ ዋጋ ያለ ስም የሚመዘግቡበት አንድ የጋራ መዝገብ ይኑር። የተጠየቀ ዋጋ ሳይሆን የተከፈለ ዋጋ ይጻፍ፤ ሻጭን የሚያስተው የተጠየቀው ዋጋ ነውና።

ሁለተኛ፣ ሚዛንና የብር ማዕድን የዕለት ዋጋ ለሁሉም በሚታይበት ቦታ ይቀመጥ፤ ከገጠር የመጣ ሻጭም ዕቃውን በነጻ ያስመዝን። ለአባላቱ የሚጠቅመው እውቀት ለሻጩ እናት ካልተገለጠ መዝገቡ ሌላ የማታለያ መሣሪያ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ዕቁብና ዕድር ከአባቶቻችን እንደ ተማርነው፣ አባል ሲቸገር የቤቱን ንብረት ሳይጥል ጥቂት ወራት የሚሻገርበት የብድር ሣጥን ይቋቋም። ዝቅተኛ ዋጋን «አይሆንም» ለማለት ከቃል ይልቅ የሚያስፈልገው የነገ ምሳ ነው። የነገ ምሳ ያለው ሻጭ ይጠብቃል፤ የሚጠብቅ ሻጭ ደግሞ አይረክስም።

ገዢ ዝቅ አድርጎ መጥራቱን መከልከል አንችልም፤ እርሱ የገበያ ጠባይ ነው። የእኛ ፈንታ የሚሸጠውን ከማይሸጠው መለየት፣ የሚሸጠውን ማወቅ፣ በትሕትና መመለስ፣ የደከመውንም ባልደረባ መደገፍ ነው። ይህን ካደረግን ዕቃችን ቢሸጥም ባይሸጥም፣ ክብራችን ከእጃችን አይወጣም።